ጎንበስ

ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ነድቼ፣
በሰዓት ወጥቼ፣ በሰዓት ገብቼ፣
ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ሳምንት
ቤቱ ጠበበኝ፤ ረዘመብኝ ሌሊት።
ቱሊኪ ባለቤቴ ሁለት ቀን ታገሠችኝ፤
በሦስተኛው፣ "ከእግሬ ሥር ውጣልኝ፣ ሂድ አንድ ነገር ተማር" አለችኝ።

ሄድኩ።
ከሐይቁ ማዶ፣ ጭሱ ካቆመው ፋብሪካ ጓሮ፣
ኢርሜሊ የምትባል ሴት፣ ቅንድቧን እሳት የበላው ድሮ፣
ማክሰኞ ማክሰኞ መስታወት ታጎብጣለች።
አምስት ነን፦ የጥርስ ሐኪሟ፣ ሁለት የማይነጋገሩ እህትማማቾች፣
ኦርቮ ጀልባ ጠጋኙ፣
እኔ።

"እዚህ አትነፉም፤ በመዶሻም አትመቱም።
መስታወቱን ከቅርጹ አፍ ላይ ጋደም አድርጉና ተዉት።
ማንም አይጫነው፤ ክብደቱ ይበቃዋል፤
ሙቀቱ ሲደርስ ራሱ ያጎነብሳል።"

የኔ መስታወት የመጣው ከአሥራ አራት ቁጥር መጨረሻ ፌርማታ ነው።
መስመሩ ሲታጠፍ ሰሌዳውን ሊጥሉት ነበር፤ ለምኜ ወሰድኩት።
የሰዓቱን ወረቀት የሸፈኑ ሁለት ገጾች፣
አንዱ የመሄጃ፣ አንዱ የመመለሻ።
በመመለሻው ጠርዝ ላይ አንድ ብርድ የመታው ተሳፋሪ
በምስማር ጭሮበታል፦ ዘገየ።
(እኔ አይደለሁም። የቅዳሜው ሹፌር ነው።)

መሄጃውን አጠብኩት። ቅርጹን ነጭ ጭቃ ቀባሁት፣
ስምንት ጊዜ፣ በለስላሳ ብሩሽ፣ እሷ ቆማ እየቆጠረች።
ምድጃው ተዘጋ።
"እስከ ሐሙስ ማንም እንዳይከፍት" አለች።

እስከ ሐሙስ!
ሠላሳ አንድ ዓመት ከሌሊቱ አሥር ሰዓት የነቃ ገላ
ሐሙስን ከየት ይወቀው?
ረቡዕ ሌሊት በብስክሌት፣ በረዶው ጎማዬን እያንሸራተተ፣
ደረስኩ። ቁልፉ ያለበትን የአበባ ማሰሮ አነሣሁ።
መለኪያው ሁለት መቶ ሃያ ይላል። ምን አለበት፣ ቀዝቅዟል።
ክዳኑን አንድ ስንዝር ብቻ ገፋሁት።
ጥንን።
ወለል ላይ እንደወደቀች ሳንቲም።
ጎድጓዳው፣ ያማረው፣ ከመሃል ለሁለት።

ኢርሜሊ አልተቆጣችም፤ ያ ነው የከበደኝ።
ስብራቱን በጣቷ ተከትላ፣
"ላዩ በረደ፤ ውስጡ ገና ነበር" አለች።
"ሰውም እንዲሁ ነው" ትላለች ብዬ ጠበቅኳት።
አላለችም። መጥረጊያ ሰጠችኝ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ መመለሻውን ጋደም አደረግሁት።
አምሽተን፣ በጥቁር መነጽር፣ በምድጃው የጎን ቀዳዳ
ተራ በተራ አየን።
መጀመሪያ ምንም። ኦርቮ አዛጋ።
ከዚያ ጠርዙ ደም መሰለ፤
መሃሉ ላላ፣ ረገበ፣ ወረደ፤
ያ ግትር፣ ዝናብና የሰካራም ጡጫ ያልበገረው፣
እጅ ሳይነካው
እጅ ነሣ።
አንደኛዋ እህት የሌላኛዋን ክንድ ያዘች፤
ወዲያው ለቀቀችው።

ያን ሳምንት ቱሊኪ ብስክሌቱን ቆለፈችው፤
ቁልፉን የት እንደደበቀች እስካሁን አልነገረችኝም።
ሐሙስ ደረሰ፣ በራሱ ሰዓት።
ሳህኑ ቀዝቃዛ፣ ምሉእ፣ ግን ከመሃሉ
ግማሽ እንቁላል የሚያህል ጉብታ።
"የቅርጹን ቀዳዳ በጭቃህ ደፍነኸዋል" ብላ ሳቀች ኢርሜሊ፤
"ከሥሩ ያለው አየር መውጫ ቢያጣ
ወደ ላይ ተነሣ።"
ስምንት ጊዜ ያስቀባችኝ ማን ሆነና!

ቤት ወሰድኩት። ቱሊኪ በመብራት ፊት አዟዟረችው፣
ጠርዙ ላይ ያለውን አነበበች፣
እኔን አየች፣ ሳህኑን አየች፣
አተር ቀቅላ ሞላችበት።
አተሩ ሲቀንስ ጉብታው ብቅ አለ፤
የቀሩት ፍሬዎች እየተንከባለሉ፣ እየተጠባበቁ፣
ቅድሚያ እየሰጡ ይዞሩታል፣
እንደ ጠዋት መኪና በአደባባይ።

ሁለታችንም ማንኪያ ይዘን
ሳህኑን ዘንበል፣ ቀና እያደረግን ስናያቸው
እራቱ ቀዘቀዘ፣
በቀስታ።